የውሰት ቱቦ

ጎንደር፣ ጥቅምት 4 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለደሞዝ፣ ኮኪት

ደብዳቤህን ሾፌሩ እጄ ላይ አድርሶልኛል። ሰላምታው አጠረብኝ፣ ቁጣው ረዘመብኝ፤ ቢሆንም ከነቁጣህ እንኳን ደህና ሆንህ። እኔ ደህና ነኝ።

አዎ፣ ዶክተር እንግዳው የእማዬን እንቅርት ለማውጣት እሺ ብሎ ነበር። እምቢ ያልሁት እኔ ነኝ። ከማን እንደሰማህ አልጠይቅህም፤ እውነት ስለሆነ ግን አልክድህም። ያን ሁሉ መንገድ አምጥቼ ሳትቀደድ መመለሴ አንተን ካናደደህ እኔን ምን እንዳደረገኝ አስበው።

ሥራዬን ታውቃለህ ብዬ ነበር፤ ለካ አታውቀውም። ሐኪሙ ይቀድዳል፤ እኔ ማደንዘዣ ሰጥቼ ከበሽተኛው ራስጌ እቀመጥና አስተነፍሰዋለሁ። ሰውየው እንቅልፍ ከወሰደው በኋላ በአፉ አልፎ ጉሮሮው ውስጥ የሚገባ የጎማ ቱቦ አለ፤ ትንፋሹ በዚያ ነው። የሆድ ኦፕራሲዮን ሲሆን ችግር የለም። የአንገት ሲሆን ግን ራሱ ወደ ኋላ ይቀለበሳል፣ ፊቱ በጨርቅ ይሸፈናል፣ የሐኪሙም እጅ ከላይ ይጫናል። ተራው ቱቦ እዚያ ጨርቅ ሥር እንደ ማሽላ አገዳ እጥፍ ቢል የሚያየው የለም። የእማዬ እንቅርት ደግሞ የአየር ቧንቧዋን ወደ ጎን ገፍቶ አጥብቦታል።

ለዚህ የተሠራ ሌላ ቱቦ አለ። በግድግዳው ውስጥ ቀጭን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጠምጥሞበታል። ብታጥፈው፣ ብትጠመዝዘው መሀሉ አይዘጋም። አንድ ነበረን፤ አርጅቶ ውስጡ ስለተላጠ ጣልነው። ሌላ እንዲላክልን ከጻፍን ስድስት ወራችን ነው፤ መልሱ «ሲመጣ ይላካል» ነው።

እንግዲህ አብዱልሀኪምን ለምንልኝ። ጨርቅ ሊያመጣ ድንበሩን አልፎ ገላባት ሲሻገር፣ ገዳሪፍም ሲዘልቅ፣ ቁጥር ሰባት ሽቦ ያለበት ቱቦ ይጠይቅልኝ። ስሙን በእንግሊዝኛ በትንሿ ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ።

እማዬ አሁንም ጆንያ ተደግፋ ቁጭ ብላ ነው የምታድረው? እውነቱን ጻፍልኝ። ቤቱንስ ከደንህላት? ባለፈው ዓመት ቃል ገብተህልኝ ነበር።

እህትህ ዙፋን


ኮኪት፣ ጥቅምት 19 ቀን 1975

ይድረስ ለእታለም ለዙፋን

ያንን ደብዳቤ የጻፍሁት ሰሊጡ ደርሶ ሦስት ትራክተር በቆመብኝ ሳምንት ነው። ለትራክተሮቹ የነበረኝን ስድብ ላንቺ ላክሁት። ይቅር በይኝ። መልስሽን ካነበብሁላት በኋላ እማዬ ራሷ «ልጄ እንደ አባቷ ናት፤ የማታውቀውን ወንዝ አትሻገርም» አለችኝና አፈርሁ።

ይህኛው በሾፌር እጅ ስለሚመጣ በግልጽ ልንገርሽ። በፖስታ ስትልኪ የዚያን አገር ከተሞች ስም እንዲያ ዘርዝረሽ አትጻፊ። «ማዶ» ካልሽኝ ይገባኛል።

ቱቦሽ ገና ሳነበው ገባኝ። ይህማ የውሃ ፓምፕ መምጠጫ ጎማ ነው! ተራ ጎማ ብንገጥምለት ፓምፑ ሲስብ ጎማው እርስ በርሱ ይጣበቅና ውሃው ይቆማል። ስለዚህ ውስጡ ሽቦ ይጠመጠምበታል። ከጋራዡ አንድ ክንድ ቆርጬ ለእማዬ ወሰድሁላት። አጠፈችው፤ ረገጠችው፤ በአንዱ ጫፍ እፍ ብላ በሌላው ጫፍ መዳፏን አደረገች። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝና «ይሄን ነው አፌ ውስጥ የምትከትቱ?» አለች። «የለም፣ የሱ የልጅ ልጅ ነው፤ ቀጭን ነው» አልኋት። ጎማውን ግን አልመለሰችልኝም፤ ለጎረቤት ማሳያ ይዛዋለች።

እኔም አንድ ነገር አስቤያለሁ። ቀጭን የጎማ ቱቦና ደህና ሽቦ ካገኘሁ ራሴ እሠራዋለሁ። ልኩን ብቻ ላኪልኝ።

አብዱልሀኪምን መተማ ድረስ ሄጄ አገኘሁት። ወረቀትሽን አጣጥፎ ጀላቢያው ኪስ ውስጥ ከተተና «ዋላሂ፣ የእናት ነገር ነው» አለ፤ ሌላ አልጨመረም። የሚስቱ የሐሚዳ ወንድም ማዶ ሆስፒታል ውስጥ ይሠራል አሉ።

እማዬ አንድ ጥያቄ አላት። ከተቀደደች በኋላ ድምጿ ይቀራል ወይ? መሠረተ ትምህርት ገብታለች፤ እስከ «ቀ» ደርሳለች። የምታነበው በትንፋሿ ልክ ነው፤ ሦስት ፊደል፣ እረፍት፣ ሦስት ፊደል፣ እረፍት። «አሁን ደህና ማንበብ ስጀምር ድምፄን ሊወስዱት ነው» ትላለች። ሌላም የምጠይቅሽ አለኝ፤ እሱን እሷ እንዳታየው በሁለተኛው ወረቀት ለብቻው ጽፌዋለሁ።

አተኛኘቷን ለጠየቅሽኝ ደህና ናት። ቤቱም ደህና ነው።

ኢትዮጵያ ትቅደም!

ወንድምሽ ደሞዝ


ጎንደር፣ ኅዳር 5 ቀን 1975

ለወንድሜ ለደሞዝ

ልኩን አልልክልህም። ደብዳቤህን ሳነብ ምን እንደሚያስቀኝ ለባልደረቦቼ እስኪገባቸው ድረስ ቡናዬ ቀዘቀዘ። አንተ ጎበዝ መካኒክ ነህ፤ የጋራዥ ሥራ ግን እናቴ ጉሮሮ ውስጥ አይገባም። አንድ ነገር ግን አምንልሃለሁ፤ የፓምፑ ምሳሌ ከእኔ ይሻላል። ለተማሪዎቼ በእሱ አስረዳኋቸው፤ ያንተ መሆኑን አልነገርኋቸውም።

ለእማዬ እንዲህ በላት። ድምፅ የሚያወጣው ጅማት በእንቅርቱ ጀርባ ያልፋል፤ ዶክተር እንግዳው እጁ ረጋ ያለ ነው። ድምጿ ሊሻክር ይችላል፤ ጨርሶ ይጠፋል ብዬ አልፈራም። ዋስ እሆናለሁ ግን አልልም። ዋሽቼ ከማደፋፍራት ፈርታ ብትመጣ ይሻለኛል።

በሁለተኛው ወረቀት የጠየቅኸኝ የጳጉሜኑ ነገር እውነት ነው። አንድ ገበሬ ነበር፤ አንገቱ ላይ እባጭ ያለው። ተራውን ቱቦ አስገባሁለት። መሀል ላይ የማስተንፍስበት ከረጢት እጄ ውስጥ ደነደነ፤ ብጨምቀው አየር አያልፍም። ጨርቁን ገልጬ፣ ጣቴን ሰድጄ እጥፋቱን እስካገኘው ድረስ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ሰውየው ተርፏል። በአሥረኛው ቀን እኔን መርቆ በእግሩ ሄደ። የነገረህ ሰው ይህንን አልጨመረልህም መሰለኝ።

ለእማዬም ተራው ይበቃል ሲሉኝ ያ የደነደነ ከረጢት እጄ ላይ መጣብኝ። ፈርቼ ነው፣ ደሞዝ። ለሌላ ሰው ቢሆን እደፍር ይሆን ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርሁም።

ቱቦው ከተገኘ በደንብ አድምጠኝ። አይቆረጥ፤ ተራውን ለልክ እንቆርጠዋለን፣ ይህ ግን ከተቆረጠ ሽቦው ይወጣል። አይቀቀል። ፀሐይ አይየው። እማዬ ዘንድ ይቀመጥ፤ አንተ ዕቃ ትጥላለህ።

ዙፋን


ኮኪት፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 1975

ለእታለም ለዙፋን

እልል በይ! ቱቦሽ መጣ። አዲስ ነው፤ ከነወረቀቱ ነው። ርዝመቱ ከክንድ ያንሳል፤ ወደ ብርሃን ሲያዙት ሽቦው እንደ ቀጭን ጥምዝ ይታያል፤ ጫፉ ላይ የምትነፋ ትንሽ ፊኛ አለችው። የሐሚዳ ወንድም ነው ያገኘው። አብዱልሀኪም ዋጋውን ብጠይቀው የተቆጣኝን ቁጣ እዚህ አልጽፈውም።

ቶሎ አትመጣም ወይ እንዳትዪኝ፤ እኔስ ዛሬ ብትሄድ ደስ ባለኝ። መኪናው ሁሉ ሰሊጥ ጭኗል። የማኅበሩ ሊቀመንበርም የይለፍ ወረቀቷን «ከምርት በኋላ» ብሎ አሳድሮታል። ለገና እንደምትደርስ ግን ቃል ሰጥቶኛል።

ቱቦውን እስከዚያው ሳጥኗ ውስጥ አስቀምጣዋለች። የሌላ ሰው ቱቦ እንዳይመስላት ከማተቧ ክር መዝዛ ጫፉ ላይ አስራበታለች። ትእዛዝሽን እንደ ጾም ነው የያዘችው፤ አልተቆረጠም፣ አልተቀቀለም፣ ፀሐይም አላየው። ቆላው በዚህ ደረቅ ወራት የሚያደርገውን ታውቂያለሽ፤ የጫማዬ ሶል እንኳ ተሰነጣጥቋል። እሷ ግን ታውቅበታለች። ሰንበት ሰንበት ሳጥኗን ስትከፍት ቤቱን የሰሊጥ ዘይት ሽታ ይሞላዋል፤ ፀጉሯን እየተቀባች መሰለኝ። ደስ ብሏታል።

ስለ ቤቱ አታስቢ፤ ደህና ነው።

ወንድምሽ ደሞዝ


ጎንደር፣ ጥር 2 ቀን 1975

ለወንድሜ ለደሞዝ

እማዬ ለገና ዋዜማ በሰላም ገብታለች። መንገዱ አድክሟት ነበር፤ አሁን በርትታለች። ሾፌሩን ሳየው እጁን እስማለሁ፤ ሦስት ጊዜ መኪና አቁሞ አስተንፍሷታል።

ከዚህ በታች ያለውን ለብቻህ አንብበው።

ጥቅሉን ስፈታው የሰሊጥ ዘይት ሸተተኝ። «እንዳይሰነጠቅ በየሰንበቱ አሽቼዋለሁ» አለችኝ፤ ኩራቷን ባየህላት። «የአባትሽን ኮርቻ፣ የበሩን ማጠፊያ፣ የገዛ ተረከዜን ያቆየሁት በሰሊጥ ዘይት አይደል? ይሄንንማ እንዴት አድርጌ እተወዋለሁ!»

ጎማ ዘይት አይወድም፣ ደሞዝ። አብጧል፤ ለስልሶ ጣት ላይ ይጣበቃል። ጫፉ ላይ ያለችውን ፊኛ ብነፋት በአንድ ጎን ጆሮ አወጣችና ፈነዳች። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚሉት ለእኛ ቤት ነው።

ምን አልኋት? «ደግ አደረግሽ» ብዬ ግንባሯን ሳምሁ። ከዚያ «ዶክተሩ ለስብሰባ ወጥቷል፤ እስኪመለስ ከእኔ ጋር ትሰነብቻለሽ» አልሁ። በማግስቱ ዶክተሩ ራሱ ቤቴ ድረስ መጥቶ እንኳን አደረሰሽ አላት። ያን ጊዜ የተናገርሁትን አትጠይቀኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። አይቆረጥ አልሁ፣ አይቀቀል አልሁ፣ ፀሐይ አይየው አልሁ። ዘይት አይንካው ማለት ረሳሁ። ሰሊጥ አገር እንደምትኖሩ ረሳሁ።

አብዱልሀኪም ፊት አንድ ጊዜ ደግሞ ቁምልኝ። ማፈሬን ንገረው። ስለ አተኛኘቷ ያልነገርኸኝን አሁን በዓይኔ አየሁት፤ ትራስ ደርድሬ ስደግፋት ራሷ ዘንበል ባለ ቁጥር ትንፋሿ ያፏጫል። ሰውነቷ የሚያርፍበት ሰዓት የለም። «ደህና ናት» እያልህ ስትጽፍልኝ ኖረሃል። አልተቀየምሁህም፤ ሁለተኛ ግን አታድርገው።

ዙፋን


ኮኪት፣ ጥር 21 ቀን 1975

ለእታለም ለዙፋን

ጥፋቱ የእኔ ነው አትበዪ። እኔ መካኒክ ነኝ። ዘይት ጎማ ይበላል እያልሁ ሾፌር ስሳደብ የምውል ሰው ነኝ። ቤቱ በዘይት ሲሸት አንድ ቀን እንኳ «እማዬ፣ ምን እያሸሽ ነው?» አላልሁም። የትራክተር ጎማ ቢሆን ከሩቅ ይሸተኝ ነበር። ሁለት ቀን እህል አልበላልኝም።

ከዚያ መተማ ሄድሁ። አብዱልሀኪም ሱቁ ውስጥ ጨርቅ ሲለካ ቆሜ ጠበቅሁት። ስነግረው ሜትሩን አስቀመጠና ፊቱን አዞረ። ተቆጣ ብዬ ነበር፤ ለካ ሳቁን ይዞ ነው። ሐሚዳ ከመጋረጃው ኋላ ሰምታ ወጣች። «ምን ያስቃል? እናቴም ብትሆን ቅባኑግ ትቀባው ነበር» አለችው።

አዲስ የለም። ያ የመጨረሻው ነበር። የሐሚዳ ወንድም ግን አለቃውን ለምኖ ከሚሠሩባቸው አንዱን በውሰት አሰጠን። የተሠራበት ነው፤ ደህና እንደሆነ እሱ ራሱ መርምሮታል። ለአንድ ወር ነው። ሐሚዳ ራሷ ናት ያመጣችው፤ ኬላውን እንዴት እንዳለፈች አልጽፍልሽም። «ለዙፋን እንዲህ በልልኝ» አለች፤ «የሰው ዕቃ ነው፤ እኛም ዘንድ አንገቱ የሚቀደድ ሰው አለ።»

ይህን ደብዳቤ የያዘው ሾፌር ቱቦውንም በቆርቆሮ ይዞልሻል። ከመጠቅለሌ በፊት እጄን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥቤአለሁ። ለእማዬ ምንም አላስነግራትም፤ አንቺም እንደጀመርሽው ዋሽተሽ ጨርሺው።

ስትጨርሱ በዚያው ቀን ጻፊልኝ። ቀኑን አስቀድመሽ አትንገሪኝ፤ ትራክተር ሥር ተኝቼ የምውል ሰው ነኝ፣ ሐሳቤ ከእጄ ጋር መሆን አለበት።

ወንድምሽ ደሞዝ


ጎንደር፣ የካቲት 9 ቀን 1975

ለወንድሜ ለደሞዝ

ወጥቶላታል። ደህና ናት። ይህን አስቀድሜ የጻፍሁት መጨረሻውን ቀድመህ እንዳታነብ ነው፤ አውቅሃለሁ።

ትናንት ነበር። ባልደረቦቼ «እናትሽ ናትና ሌላ ሰው ይያዝልሽ» አሉኝ። እማዬ ሰምታ «እሷ ካልሆነች እነሳለሁ» አለች፤ ከአልጋውም ወረደች። ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም።

አስተኝተን ልንጀምር ስንል «እስቲ ቱቦዬን አሳዪኝ» አለች። አሳየኋት። አገላብጣ አየችውና «ክሬስ?» አለች።

ዶክተር እንግዳው ጣራ ጣራ ያያል።

«ያኛው ተበላሸ፣ አይደል? ዘይቱ ነው?»

«አዎ እማዬ» አልሁ። ሌላ ውሸት አልመጣልኝም።

«ውይ! አርባ ቀን ሙሉ ልጄን ዋሾ አደረግኋት» አለችና ሳቀች፤ ሳቋ ሳል ሆነ፤ እስኪለቃት ደግፌ ያዝኋት። ከዚያ «ይሄስ የማን ነው?» አለች።

«የማዶ ሰዎች ነው። በውሰት ነው የሰጡን።»

«ቶሎ በሉ እንግዲህ» አለች፤ «የሰው ዕቃ አይቆይም።» ማደንዘዣውን የሰጠኋት ይህን ተናግራ ሳትጨርስ ነው።

ሁለት ሰዓት ተኩል ከራስጌዋ ተቀምጬ ከረጢቱን ስጨምቅ ቆየሁ። ራሷ ተቀልብሷል፣ ፊቷ ተሸፍኗል፣ ምንም አላይም። እጄ ብቻ ነበር የሚያየው። ከረጢቱ አንዴም አልደነደነም። ዶክተሩ ስለቆረጠው፣ ስለሰፋው አትጠይቀኝ፤ እኔ ከረጢቱን ብቻ ነው የማውቀው። ከዘንድሮው ሁሉ ደስ ያለኝ ቀን ትናንት ነበር፤ ወጥቼ መተላለፊያው ላይ ቆሜ አለቀስሁ።

ዛሬ ጠዋት አፏን ከፈተች። ሹክሹክታ ናት፤ ግን ድምፅ አለባት። የመጀመሪያ ቃሏ ምን መሰለህ? «መለሳችሁት?»

ቱቦውን በለስላሳ ሳሙና አጥቤ፣ አድርቄ፣ መርምሬ በቆርቆሮው መልሼዋለሁ። ሾፌሩ ሲያደርስህ ግን ቶሎ እንዳትሰደው። «የተዋሱት ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ደሞዝ የሚጨመረውን ያውቃል» ብላሃለች።

ትንሽ እዚህ ትሰንብትልኝ። ፊደሉን እኔ እጨርስላታለሁ።

እህትህ ዙፋን


ኮኪት፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1975

ለልጄ ለዙፋን

ይህን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ደሞዝ አልነካውም። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ፊደሌ ቢጣመም አትሳቂ፤ አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ።

ድምፄ መጥቷል። እንደ ድሮው አይደለም፤ ሻካራ ነው። ፍየሎቹ ግን ይሰሙኛል። ደሞዝም ይሰማኛል፤ አይታዘዝም እንጂ።

የተዋስነው ማዶ ገብቷል። አንድ ቁና ሰሊጥ በደሞዝ አስጨምሬ ሰደድሁት። ፍሬውን ነው፤ ዘይት አይደለም። ሐሚዳ መጥታ አየችኝ፤ አንገቴን ዳሰሰችው። በዚያው ቱቦ ከእኔ በኋላ አንዲት ሴት ተቀድዳ ድናለች አለችኝ። ስሟን ጠይቀሽ አምጪልኝ ብያታለሁ።

የተበላሸውን እኔው ያዝሁት። ክሬን ፈትቼ ማተቤ ላይ ቀጠልሁት። ጠባሳው ላይ ነው የሚያርፍ።

እንዴት ነው የምትተኚ ብለሽ ጽፈሻል። መልሱን ደሞዝ እንዳይጽፈው ብዬ ነው ሦስት ቀን የደከምሁ። ጆንያውን ለሰሊጥ መለስሁት። መደቤ ላይ ተንጋለልሁና ተኛሁ። ተጋድሜ ካልተኛሁ ስድስት ዓመቴ ነበር። እንዲያ ተኝቼ ነጋ።

ዓይኔን ስገልጥ የቤቴ ጣራ ከፊቴ ነው። ቀና ብዬ ካየሁት ስንት ዘመኔ። የሚያንጠባጥበው በሁለት ቦታ ይመስለኝ ነበር። ተንጋልዬ ብቆጥረው ብርሃን በአምስት ቦታ ይገባል። «ቤቱ ደህና ነው» ሲልሽ የኖረው ይህን ነው። ክረምት ሳይገባ ይክደነው ብለሽ ጻፊለት።

እናትሽ ባንቺአየሁ